በአንድ በኩል አብጦብኛል፣ መቀመጥም አቃተኝ። ምን ሊሆን ይችላል?

ጎን_ተቀማጭ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም እህቶች። ይሄን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ። ስሜ ስለማይታይ ብቻ ነው የደፈርኩት።

29 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ግን በግራ በኩል ብቻ ነው የምቀመጠው። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ «ወገብሽን ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ወገቤን ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰው ባለፈ ቁጥር ወገቤን መያዝ ግዴታ ሆኖብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ገላዬን ስታጠብ ብልቴ ላይ ያለውን ፀጉር በምላጭ ላጨሁት። ምላጩ አዲስ አልነበረም፤ አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ። እሁድ ማታ በቀኝ በኩል፣ ከመግቢያው ወደ ታች፣ ትንሽዬ ጠጠር የመሰለ ነገር በጣቴ ተሰማኝ። ያኔ አያምም ነበር። ሰኞ ጠዋት የትንሿን ጣቴን ጫፍ አከለ። ዛሬ አውራ ጣቴን የሚያህል ሆኗል። ይሞቃል፣ ቀልቷል፣ የልብ ምቴን እዚያ የምሰማው ይመስለኛል። ደረጃ የምወጣው ቀኝ እግሬን ከፈት አድርጌ ነው።

ዝም ብዬም አልተቀመጥኩም። አምና ፈንገስ ይዞኝ የተረፈኝ ክሎትሪማዞል ክሬም ነበረ። ሰኞ ማታ ቀባሁት። እሳት በሉት! ጠዋት ስነሳ ጭራሽ ሁለቱም የብልቴ ከንፈሮች አብጠው ማሳከክ ጀምረዋል። ጠጠሩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ይጠቅም እንደሆነ ሌላም ልጨምር። ካለፈው ወር ጀምሮ የምጠቀመው ሞዴስ አዲስ ነው፣ ሽቶ አለው። ከተለመደው የተለየ ፈሳሽ የለኝም፣ መጥፎ ሽታም የለም። ሙቀቴን ለክቼ 37 ነው። የወር አበባዬ ካበቃ ሳምንት ሆኖታል፣ እርጉዝ አይደለሁም። ባለትዳር ነኝ፣ ባለቤቴ ለሥራ ከሄደ ወር ሊሞላው ነው።

ትናንት ማታ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በመስታወት አየሁት። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? የቱ ድሮም እንደዚያ እንደነበረ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። 29 ዓመት አብሮኝ የኖረ አካል!

ምንድን ነው ይሄ? የአባላዘር በሽታ ነው? ካንሰር ቢሆንስ? በመርፌ ላፈርጠው ወይስ ቀኑን ጠብቄ ይጠፋ ይሆን?

———

ሁለቴ_ያየሁት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

እህቴ፣ በመጀመሪያ መርፌውን አስቀምጪ። የቀረውን ቀስ ብለን እናወራለን።

እኔን በ26 ዓመቴ አንዴ፣ በ31 ዓመቴ አንዴ ይዞኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን የነገርሽን ቦታም ፍጥነትም ቁርጥ የእኔን ነው። ባርቶሊን ይባላል። ከመግቢያው በግራና በቀኝ፣ ወደ ታች ጠጋ ብለው፣ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉን። መስታወት ስትይዢ የግድግዳ ሰዓት አድርገሽ አስቢው፤ ቁጥር 4 እና ቁጥር 8 ባሉበት ቦታ ናቸው። ጤነኛ ሲሆኑ በጣት ፈልገሽም አታገኚያቸውም። ሥራቸው ማርጠብ ነው። ፈሳሻቸው የሚወጣው 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነች ቀጭን ቱቦ ነው። የቱቦዋ አፍ ሲደፈን ፈሳሹ ውስጥ ይጠራቀማል። ይሄ ብቻውን ብዙ አያምም፤ ሳያውቁት ዓመት የሚኖሩም አሉ። ባክቴሪያ ከገባበት ግን መግል ይቋጥራል። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ያብጣል፣ ይግላል፣ ወንበር ጠላት ይሆንብሻል።

ስሙ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እጢዎቹን ከገለጸው የዴንማርክ ሐኪም ከካስፐር ባርቶሊን የመጣ ነው። እንዴት አወቅሽ እንዳትሉኝ፤ ተኝቼ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ሰውዬው ስሙን እኔ ላይ ሲተክል ፈቃድ አለመጠየቁ ግን እስካሁን ያናድደኛል።

የመጀመሪያውን ጊዜ አምስት ቀን ደበቅኩት። እንደ አንቺው መርፌ ታየኝ፣ ወጋሁትም። ትንሽ ደም ወጣ፣ መግሉ የለም። በማግስቱ እብጠቱ እጥፍ ሆነ፣ ትኩሳቴ 39 ገባ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ስሄድ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ መተላለፊያው ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ምንሽን ነው ያመመሽ?» አለችኝ። «እግሬን» አልኳት። እግር ወደሚታይበት ክፍል ላከችኝ። ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ስገባ ሐኪሙ እግሬን አገላብጦ አይቶ «ምንም የለውም እኮ» አለኝ። ያኔ አለቀስኩ። ስለዚህ ምክር ልስጥሽ፦ በር ላይ «የማህፀን ሐኪም ማየት እፈልጋለሁ» በይ፣ በቃ። ዝርዝሩ ለሷ አይገባትም።

በዚያን ጊዜ ቀደው መግሉን አፈሰሱልኝና ሸኙኝ። ገላገለኝ። ግን ቀዳዳው ቶሎ ተዘጋ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ ተመለሰ። በሁለተኛው ጊዜ በሁለተኛው ቀን ሄድኩ። ያከመችኝ ሐኪም ቀድዳ ካፈሰሰች በኋላ ጫፏ ላይ ፊኛ ያላት ትንሽ የጎማ ቱቦ አስገባችልኝ። ዎርድ ካቴተር ትባላለች። ፊኛዋን በትንሽ ፈሳሽ ይሞሏትና ውስጥ ትቀመጣለች። ዓላማው ቀዳዳው እንዳይዘጋና አዲስ መውጫ እስኪበጅ ድረስ እንዲፈስ ነው። እስከ 4 ሳምንት ትቆያለች ብለውኝ ነበር፤ የእኔዋ በ19ኛው ቀን ራሷ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰብኝም። ለሚመላለስባቸው ደግሞ የእጢውን አፍ ከፍቶ ጠርዙን ከቆዳው ጋር መስፋት የሚባል አለ፤ እኔ ስላላደረግኩት አላወራበትም።

ያማል ወይ ብትዪኝ፣ የማደንዘዣዋ መርፌ ታማለች። አልዋሽሽም፣ ታማለች። አንድ ደቂቃ ነው። መግሉ ሲወጣ የሚሰማሽ እፎይታ ግን… ሐኪሟን ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ለዛሬ ማታ ሳፋ ላይ ለብ ያለ ውሃ አድርጊና 10 ወይም 15 ደቂቃ ተቀመጪበት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ። የሚያቃጥል ውሃ አይሁን፣ ጨውም ዲቶልም አትጨምሪ። አንዳንዴ በዚህ ብቻ ራሱ ይፈርጣል። ክሬሙን ደግሞ ጣይው።

———

እውነቱን_ልናገር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

ባልሽ ሳይሄድ በፊት ነው ያስያዘሽ። ይሄ ግልጽ የአባላዘር በሽታ ነው። አትሸወጂ።

———

አዋላጅ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

«እውነቱን ልናገር»፣ እዚህ ግልጽ የሆነ ምንም ነገር የለም። በእንዲህ ያለ አስተያየት ስንት ትዳር እንደታመሰ አይቻለሁ። ከባርቶሊን መግል በብዛት የሚገኘው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ አንጀታችን ውስጥ የሚኖር ጎረቤት ነው። ጨብጥና ክላሚዲያም አንዳንዴ ይገኙበታል። ስለዚህ ናሙና ወስደን እንመረምራለን። ምርመራ ክስ አይደለም።

ጠያቂዋ፣ 14 ዓመት በአዋላጅነት ሠርቻለሁ። «አብጦብኛል» ብላ ለምትመጣ ሴት፣ ገና አልጋ ላይ ሳትወጣ የምጠይቃት ነገር አለ። የት ነው? በአንድ ወገን ነው በሁለቱም? በስንት ጊዜ አበጠ? ከዚያ በፊት ምን ነካው? ግማሹ መልስ እዚህ ውስጥ ነው። አንቺ ሳትጠየቂ አራቱንም መልሰሻል፤ ቢያንስ ለዚህ ልታፍሪ አይገባም።

እንደሚመስለኝ ሁለት ነገር ነው ያለብሽ፣ አንድ አይደለም። በቀኝ በኩል በሦስት ቀን ያደገው፣ የሚሞቀውና የሚጠዘጥዘው መግል የያዘ ነገር ነው። ባርቶሊን ሊሆን ይችላል፤ በምላጩ የተነሳ የፀጉር ሥር ቆስሎ የመጣ እባጭም ሊሆን ይችላል። የፀጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ውጨኛው፣ ፀጉራማው ከንፈር ላይ ነው፤ ባርቶሊን ግን ወደ ውስጥ፣ መግቢያው ጥግ ላይ ነው። «ሁለቴ ያየሁት» ልምዷን በደንብ ነግራሻለች፣ እኔ የምጨምረው የአንድ ወገን እብጠት ሁሉ ባርቶሊን አለመሆኑን ነው። በብሽሽት በኩል የሚወርድ ሄርኒያ (የሆድ ዕቃ በሳሳ ቦታ ሾልኮ ሲወጣ) አለ፣ ከመውደቅ ወይም ከምት በኋላ ደም የቋጠረ አለ። ሳይታይ አይታወቅም።

ሁለቱ ከንፈሮች ማበጣቸውና ማሳከካቸው ሌላ ታሪክ ነው። በምላጭ የተላጨ፣ ገና ያልዳነ ቆዳ ላይ ክሬም ቀባሽ። ከዚያ በፊት ወር ሙሉ ሽቶ ያለው ሞዴስ ነበር። ቆዳሽ ተቆጥቷል።

ስለ ፈንገስ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ማንም ሴት ብልቷን ባሳከካት ቁጥር ፈንገስ ነው ብላ ትደመድማለች። ፈንገስ እርግጥ የተለመደ ነው፤ ከአራት ሴቶች ሦስቱን በዕድሜያቸው አንዴ እንኳ ይይዛቸዋል። ማበጥንም ያመጣል። ግን ምልክቱ ማሳከክና ወፍራም፣ ነጭ፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ነው፤ በሁለቱም በኩል ነው፤ ጠጠር የለውም። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ነበር። ራሳቸው ፈንገስ ነው ብለው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት የገዙ ሴቶች ሲመረመሩ፣ በትክክል ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ሲሶ ገደማ ነበሩ። የቀሩት ሌላ ነገር ነበራቸው ወይም ምንም አልነበራቸውም። ፈንገስ የሚመላለስባት ሴት ደግሞ ስኳሯን ትለካ።

ይሄን የሚያባብሰው አንድ ነገር አማርኛችን ነው። «ብልት» ስንል ሁሉንም ጠቅልለን ነው። ሴቶች ይመጡና «ማህፀኔን ያሳክከኛል» ይሉኛል። ማህፀን አያሳክክም! የሚያሳክከው በር ላይ ያለው ቆዳ ነው። ውጪ የሚታየው ከንፈር አንድ ነው፤ ወደ ውስጥ የሚወስደው መንገድ ሌላ ነው፤ ማህፀን ከዚያ ወዲያ ነው። የቱ እንደሆነ ካልለየን ለቆዳ የመጣ ችግር ውስጥ በሚገባ ኪኒን ሲታከም ይከርማል።

ሌሎቻችሁም ስለምታነቡ፦ ከማበጡ ጋር ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ካሉ፣ ሽንት ሲነካቸው የሚያንገበግቡ ከሆነ፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ከወጣና ሰውነት ከከበደ ሄርፒስን አስቡ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው የሚብሰው፤ መድኃኒቱም ቶሎ ሲጀመር ነው የሚረዳው። አረፋ ያለው ቢጫ አረንጓዴ ፈሳሽ ከሆነ ትሪኮሞናስ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ባልም አብሮ ይታከማል። በእርግዝና ጊዜ ከንፈሮቹ ማበጣቸው፣ ደም ሥሮቹም መወጠራቸው ያጋጥማል፤ ብዙውን ጊዜ ከወለዱ በኋላ ይመለሳል።

አሁን ደግሞ ሌሊት ቢሆንም የማይጠበቁትን ልንገራችሁ። ትኩሳት ከብርድ ብርድ ጋር። መቅላቱ ወደ ጭን ወይም ወደ መቀመጫ እየሰፋ ሲሄድ። ሕመሙ ከሚታየው እብጠት ጋር የማይመጣጠን ሲሆን፣ በተለይ ስኳር ያለባት ሴት ከሆነች፤ ሥጋ የሚበላ ኢንፌክሽን በሰዓታት ነው የሚሄደው። ሽንት እምቢ ሲል። ከምት በኋላ እብጠቱ እያደገ ሲሄድ። 20 ሳምንት ያለፋት ነፍሰ ጡር ድንገት ስታብጥ፣ ራስ ምታትና የዓይን መደብዘዝ ሲጨመር፤ ያኔ የሚለካው ደም ግፊት ነው። ከብልት ጋር ከንፈርና ፊት አብጦ መተንፈስ ሲያስቸግር አለርጂ ነው፣ ሩጫ ነው።

አንቺ እነዚህ የሉብሽም። ስለ ካንሰርም በ29 ዓመት፣ በሦስት ቀን አብጦ የሚጠዘጥዝ ነገር የካንሰር ጠባይ አይደለም። ከ40 ዓመት በላይ ሆና በዚያ ቦታ አዲስ እብጠት የወጣባት ሴት ግን፣ ባያማትም፣ ናሙና ይወሰድላት። ነገ ጠዋት ሂጂ። ቢፈርጥም ሂጂ።

———

ሽቶ_ጠሌ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

አዋላጇ ስለ ቆዳ ያለችውን አጥብቂልኝ! የእኔ ስምንት ወር ነው የፈጀው።

አንድም ጠጠር የለ፣ መግል የለ። ጠዋት ደህና ነኝ፣ ማታ ከንፈሮቹ አብጠው፣ ቀልተው፣ እንደተላጠ ቆዳ ይለበልባሉ። አራት ጊዜ ለፈንገስ ታከምኩ። ሁለቴ በክሬም፣ ሁለቴ በምትዋጠው ነጠላ ኪኒን። ለሳምንት ሻል ይለኝና ይመለሳል። ንጽሕና ያነሰኝ እየመሰለኝ ይባሱን እታጠባለሁ። በቀን ሦስቴ፣ ለብልት ተብሎ በተሠራ ሳሙና፣ ከዚያ ሽቶ ባለው እርጥብ ሶፍት እጠርጋለሁ። አሁን ሳስበው እሳቱን በላምባ እያጠፋሁ ነበር።

በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «እዚያ አካባቢ የሚነካሽን ነገር ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ይዤ ሄድኩ። ቆጠሯቸው፣ 11 ነበሩ። ሳሙናው፣ ሶፍቱ፣ ሞዴሱ፣ በየቀኑ የማደርገው ስስ ሞዴስ፣ የልብስ ማለስለሻው፣ የመላጫ አረፋው፣ ማሳከክ ያስታግሳል የተባለ ቤንዞኬይን ያለበት ቅባት፣ የፈንገስ ክሬሞቹም ሳይቀሩ። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ዝም ብለው አዩኝ። የተያዘ ሌባ መሰልኩ።

«ሁሉንም አቁሚ» ነበር መድኃኒቱ። በውሃ ብቻ መታጠብ፣ በእጅ፣ በጨርቅ አይደለም። መንካት እንጂ ማሸት የለም። ከታጠብኩ በኋላ ስስ ቫዝሊን። የጥጥ ፓንት፣ ሌሊት ያለ ፓንት። ለሁለት ሳምንት ደግሞ ቀላል ስቴሮይድ ቅባት አዘዙልኝ። በአሥረኛው ቀን እብጠቱ ጠፋ።

ሁለት ነገር ነው የገረመኝ። አንደኛ፣ ያን ሶፍት ከሁለት ዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ። «ከለመድኩት እንዴት ይቆጣኛል?» ብዬ ተከራከርኩ። አለርጂ ከዓመታት በኋላም ይነሳል አሉኝ፤ ምልክቱም ከነካሽ ከአንድ ከሁለት ቀን በኋላ ስለሚመጣ ጥፋተኛውን መያዝ ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ የውስጡ ክፍል ራሱን በራሱ ያጸዳል። የራሱ አሲድ አለው፣ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) ከ3.8 እስከ 4.5 ነው፣ እሱ ነው ጠባቂው። እኔ በሳሙና ጠባቂውን ሳባርር ነበር። ስሙ «የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያ» የሚል ጠርሙስ ሳይ አሁንም ደሜ ይፈላል።

———

ኮርቻ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12፡30

በብስክሌት የምትመላለስ ካለች፦ የእኔ በአንድ በኩል ብቻ እያበጠ ይመለስ ነበር፣ ረጅም መንገድ በሄድኩ ማግስት። ኮርቻውን አፍንጫው ትንሽ ዝቅ እንዲል አደረግኩት፣ መሀሉ ክፍት ወደሆነ ቀየርኩት፣ ጠፋ። ላብ በነካው ቁምጣ አትቆዩ። የጠያቂዋ ግን ይሄ አይመስለኝም።

———

እናት_ነኝ_አያትም
ረቡዕ፣ ከረፋዱ 4፡15

ልጆቼ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው። ስለዚህ ነገር ከሰው ጋር ሳወራ የመጀመሪያዬ ነው፣ ያውም በጽሑፍ።

የእኔ የጀመረው ሌሊት ሌሊት በማሳከክ ነው። ሳላውቀው ስፎክት አድሬ ጠዋት አብጦ አገኘዋለሁ። የእርጅና ድርቀት ነው ብዬ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ድርቀቱ እርግጥ አለ፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ትንሽ ነገር ያቆስለዋል። ግን የእኔ እሱ ብቻ አልነበረም። ቆዳው ነጭ ሆኖ፣ የተጨማደደ ወረቀት መስሎ፣ ትንሹ ከንፈር እየተሟሸሸ ከትልቁ ጋር ሊገጥም ደርሷል። ላይከን ስክለሮሰስ የሚባል የቆዳ በሽታ ነው አሉኝ። ተላላፊ አይደለም፣ የጥፋት ውጤትም አይደለም። ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ቅባት ታዞልኝ፣ እንዴት እንደምቀባው በመስታወት አሳይተውኝ፣ በሦስት ወር እንቅልፍ አገኘሁ። ማሳከኩ ቢጠፋም በዓመት አንዴ እታያለሁ፤ በጥቂት ሴቶች ላይ ወደ ካንሰር ሊሄድ ስለሚችል።

ቀድሞ የተሟሸሸው አይመለስም ብለውኛል። ሁለት ዓመት ዝም ያልኩበት ዋጋ እሱ ነው። አንቺ በሦስተኛ ቀንሽ ጠይቀሻል፣ ልጄ፣ ጎበዝ።

———

ጎን_ተቀማጭ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

እማማ፣ ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም።

የሆነውን ልንገራችሁ። ማታ ሳፋው ላይ ሁለቴ ተቀመጥኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ሕመሙ ቀሰቀሰኝና ሦስተኛ ጊዜ ተቀመጥኩ። ውሃው ውስጥ እያለሁ ጠሽ አለ። ምንም ድምፅ የለውም፣ ግን ተሰማኝ። ሽታው! መግልና ደም። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ቀጥሎ ሕመሙ እንደተነቀለ መብራት ድርግም አለ። በሁለቱም በኩል ተቀመጥኩ፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ፣ ብቻዬን፣ እየሳቅኩ።

እውነቱን ለመናገር ጠዋት ልቀር ነበር። «ቢፈርጥም ሂጂ» የምትለዋን መስመር እንደገና አነበብኳትና ሄድኩ። በር ላይ «የማህፀን ሐኪም» አልኩ፣ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ሐኪሟ እነዚያኑ አራት ጥያቄዎች ጠየቀችኝ፣ እኔም እንዳጠና ተማሪ ዘረዘርኩላት። ባርቶሊን ነው። የፈረጠበት ቀዳዳ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ስለሆነ ማታውኑ ሊዘጋ ይችላል፣ ውስጡም ገና መግል አለ አለችኝ። አደንዝዛ ሰፋ አደረገችውና ቱቦዋን አስገባች። «ሁለቴ ያየሁት»፣ መርፌዋ እንዳልሽው ናት። ናሙና ወስዳለች። ዙሪያው ስለቀላ አንቲባዮቲክም አዘዘችልኝ፤ ሁልጊዜ አያስፈልግም ብላለች። ቱቦዋ እስክትወጣ ግንኙነት የለም፣ ሳፋው ይቀጥላል።

የሁለቱ ከንፈሮች ነገርም አዋላጇ እንዳለችው ነው። ክሬሙ፣ ምላጩና ሞዴሱ ተባብረው። ሽቶ የሌለው ሞዴስ፣ ውሃ፣ ቫዝሊን። ምላጩን ጥዬዋለሁ። ማሳጠር ካለብኝ በመቀስ፣ በፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ።

———

ጎን_ተቀማጭ
ከ23 ቀን በኋላ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ውጤቱ መጥቷል፤ ኢ. ኮላይ ነው። ጨብጥም ክላሚዲያም የለም። «እውነቱን ልናገር»፣ ሰላም ነሽ/ነህ?

ባለቤቴ ተመልሶ ሁሉንም ነገርኩት። ቱቦዋን «እንግዳችን» እያለ ነው የሚጠራት። እና እንግዳችን ዛሬ ጠዋት ፓንቴ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ቀጠሮዬ የዛሬ አምስት ቀን ነው። አሁኑኑ ልሂድ?

———

አዋላጅ_ነኝ
ከጠዋቱ 2፡20

ያምሻል? ቀልቷል? ጠጠሩ ተመልሷል?

———

ጎን_ተቀማጭ
ከጠዋቱ 2፡22

ሦስቱም የለም። በመስታወት አየሁት። አሁን የቱ የቱ እንደሆነ አውቃለሁ።

———

አዋላጅ_ነኝ
ከጠዋቱ 2፡24

እንግዲያው በቀጠሮሽ ሂጂ፣ ለእንግዳዋ መመለሻ የለም፣ ጣያት። ከዚያ በፊት ካበጠ ወይም ካተኮሰሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

———

ጎን_ተቀማጭ
ከጠዋቱ 2፡31

ጣልኳት። ቢሮ ነኝ፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጫለሁ። ባልደረባዬ ለወገብሽ ምን አደረግሽለት እያለችኝ ነው፤ የሷንም ሲያማት ከርሟል መሰለኝ። ሳፋ ልበላት?